የተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ ኮምፕረሰርና ቱቦ መጠን አወሳሰን፦ በአዲስ አበባ–ሰመራ መንገድ ለሚሠራ ሚኒባስ የቀረበ ስሌት

አኅጽሮተ ጥናት

የተሽከርካሪ አየር ማቀዝቀዣ በቂ ቅዝቃዜ መስጠት ሲያቅተው በአብዛኛው የሚታሰበው መፍትሔ ኮምፕረሰሩን ከእርሱ በሚበልጥ መተካት ነው። ይህ ጽሑፍ ለ14 ሰው ሚኒባስ በተሠራ ምሳሌያዊ ስሌት አማካይነት ኮምፕረሰሩና ቱቦዎቹ በተለያየ የሥራ ሁኔታ እንደሚፈተኑ ያሳያል። የኮምፕረሰሩ አቅም የሚያንሰው ተሽከርካሪው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው፤ የመሳቢያ ቱቦው ጥበት የሚጎዳው ግን ተሽከርካሪው ሲጓዝ ነው። በመሆኑም ሁለቱን ለየብቻ፣ ያውም በአንድ የሥራ ነጥብ ብቻ መምረጥ ወደ ስሕተት ይመራል። የቦታ ከፍታ በስሌቱና በግፊት ልኬት ላይ የሚያስከትለው ለውጥም በአጭሩ ተብራርቷል።

1. መግቢያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዋሽና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርድ ተሽከርካሪ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ከሆነ ደጋ ወደ 430 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይዘልቃል። በመነሻው የመስኮት አየር ይበቃው የነበረ መንገደኛ በመድረሻው በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍ ሙቀት ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ ላይ ማቀዝቀዣ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሽከርካሪውን ንቃት፣ የሕፃናትንና የሕሙማንን ደኅንነት ይነካል።

የሕንጻ ማቀዝቀዣን የሚነድፍ መሐንዲስ ኮምፕረሰሩ በኤሌክትሪክ ሞተር በሚታወቅ ፍጥነት እንደሚዞር ያውቃል። የተሽከርካሪው ኮምፕረሰር ግን በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው የመንገዱ ሁኔታ ነው። ቅዝቃዜ በብርቱ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ማለትም ተሽከርካሪው በፀሐይ ቆሞ መንገደኛ ሲጠብቅ፣ ኮምፕረሰሩ በዝቅተኛ ፍጥነቱ ይዞራል። የችግሩ ሥር ይህ ተቃርኖ ነው።

ለስሌቱ የተወሰደው ሪፍሪጀራንት (በጋራዦች አጠራር «ጋዝ») አር-134ኤ ነው። የመትነኛ ሙቀቱ 0 ዲግሪ፣ የመጤዣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ተደርጎ ተይዟል። እነዚህም በቅደም ተከተል 293 እና 1,682 ኪሎፓስካል ፍጹም ግፊት ማለት ናቸው። ፈሳሹ ወደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ የሚደርሰው በ55 ዲግሪ ነው ተብሎ ታስቧል።

2. የሙቀት ጭነቱ

ማንኛውም የመጠን ውሳኔ ከሙቀት ጭነት ይጀምራል። በሰመራ 40 ዲግሪ ሙቀትና 30 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለበት ቀን የውስጡን አየር በ25 ዲግሪና በ50 በመቶ እርጥበት ለመጠበቅ የሚከተሉት መጠኖች ይደመራሉ።

ሀ) 14 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 115 ዋት ያህል ሙቀት ሲያመነጩ፦ 1.6 ኪሎዋት፤
ለ) በሰከንድ 60 ሊትር ከውጭ የሚገባ ንጹሕ አየር፦ ለማቀዝቀዝ 1.0፣ እርጥበቱን ለማውጣት 0.6፣ በድምሩ 1.6 ኪሎዋት፤
ሐ) በመስታወት የሚገባ የፀሐይ ጨረር፦ 1.8 ኪሎዋት፤
መ) በጣሪያ፣ በግድግዳና በወለል የሚያልፍ ሙቀት (30 ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ዲግሪ 3 ዋት)፦ 1.4 ኪሎዋት፤
ሠ) ከአየር ማራገቢያው ሞተርና ከአየር ማስተላለፊያዎች፦ 0.4 ኪሎዋት።

ድምሩ 6.8 ኪሎዋት ስለሚሆን 7 ኪሎዋት የንድፍ ጭነት ሆኖ ተወስዷል። ይህ የተረጋጋ ሁኔታ ጭነት ነው፤ በፀሐይ ቆሞ የጋለን ተሽከርካሪ በአጭር ጊዜ ማቀዝቀዝ ከዚህ የበለጠ አቅም ይጠይቃል። ከዝርዝሩ መረዳት እንደሚቻለው ንጹሕ አየርና የፀሐይ ጨረር ከጭነቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ሁለቱም ከኮምፕረሰሩ ውጭ ባሉ እርምጃዎች ሊቀነሱ የሚችሉ መሆናቸው ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

3. ኮምፕረሰሩ፦ በሚኒሞ የሚደረግ ፈተና

በተጠቀሱት ሙቀቶች አንድ ኪሎግራም አር-134ኤ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ሲተን 120 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ 7 ኪሎዋት ለማንሣት በሰከንድ 0.058 ኪሎግራም ሪፍሪጀራንት መዘዋወር አለበት። ወደ ኮምፕረሰሩ የሚገባው ተን እፍግታ በሜትር ኩብ 13.5 ኪሎግራም ገደማ ስለሆነ፣ ኮምፕረሰሩ በደቂቃ 260 ሊትር ያህል ተን መሳብ ይጠበቅበታል።

ኮምፕረሰር በአንድ ዙር የሚጠርገውን ይዘት ሁሉ በአዲስ ተን አይሞላም። በፒስተኑ ጫፍ የሚቀር ጋዝ፣ በቫልቮች የሚደርስ የግፊት ብክነት፣ በግድግዳው የሚሞቅ ተንና ወደ ኋላ የሚያፈተልክ ጋዝ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የመግፊያው ግፊት ከመሳቢያው ወደ ስድስት እጥፍ በሚጠጋበት በዚህ ሁኔታ የይዘት ብቃቱ 0.65 እንደሆነ ተወስዷል። በእርግጥ ብቃቱ ከፍጥነት ጋር ይለዋወጣል፤ ትክክለኛው አኃዝ ከአምራቹ ሰንጠረዥ መወሰድ ይኖርበታል።

የሞተሩ ሚኒሞ በደቂቃ 800 ዙር፣ የፑሌጃዎቹ ንጽጽር 1.3 ቢሆን ኮምፕረሰሩ በደቂቃ 1,040 ዙር ይዞራል። አንድ 160 ሲሲ ኮምፕረሰር በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 0.024 ኪሎግራም ብቻ ያዘዋውራል። አቅሙም 2.9 ኪሎዋት፣ ማለትም ከሚፈለገው 42 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይኸው ኮምፕረሰር ሞተሩ በ2,500 ዙር ሲጓዝ 9.1 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። 7 ኪሎዋት ላይ የሚደርሰው ሞተሩ 1,900 ዙር ካለፈ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ ኮምፕረሰሩን ማሳደግ ነው። በሚኒሞ ሙሉውን ጭነት ለማንሣት የሚበቃው ይዘት 380 ሲሲ ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ኮምፕረሰር በጉዞ ላይ ከ21 ኪሎዋት በላይ ለማንሣት ይሞክራል። ኢቫፖሬተሩ ይህን ያህል ሙቀት ከየትም ስለማያገኝ በውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ገጹ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ይሠራበትና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ይህን ለመከላከል ማግኔታዊው ክላች ደጋግሞ ይለቃል፣ ይይዛል። ይህም ክላቹንና ቺንጋውን ቶሎ ያስረጃል።

ስለዚህ ተግባራዊው መንገድ ክፍተቱን ከሁለቱም ወገን ማጥበብ ነው። በአንድ ወገን የኮምፕረሰሩ ይዘት ወደ 215 ሲሲ፣ የፑሌጃው ንጽጽር ወደ 1.4፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት የሞተሩ ሚኒሞ ወደ 1,000 ዙር ከፍ ቢሉ የቆመው ተሽከርካሪ የማቀዝቀዝ አቅም ወደ 5.3 ኪሎዋት ያድጋል። በሌላ ወገን የንጹሕ አየሩ መጠን ለጊዜው ወደ ሲሶ ቢቀነስና በመስታወት የሚገባው ጨረር በመጋረጃ ወይም በጨረር መከላከያ ፊልም በሲሶ ቢቀንስ፣ ጭነቱ ከ7 ወደ 5.3 ኪሎዋት ገደማ ይወርዳል። ሁለቱ የሚገናኙት እዚህ ነው። የንጹሕ አየር ቅነሳው ግን ለአጭር ቆይታ ብቻ የሚፈቀድ ነው፤ ሰው በሞላበት ዝግ ተሽከርካሪ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ክምችት በፍጥነት ይጨምራልና። በጉዞ ላይ የሚተርፈውን አቅም ለመግታትም ይዘቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀይር ኮምፕረሰር ከክላቹ ተደጋጋሚ መያዝና መልቀቅ ይመረጣል። ንጽጽሩ ሲጨምር ኮምፕረሰሩ በሞተሩ ከፍተኛ ዙር የሚደርስበት ፍጥነትም ይጨምራል፤ በ4,500 ዙር 6,300 ስለሚሆን ከአምራቹ ገደብ ጋር መመሳከር አለበት።

4. የመሳቢያ መስመሩ፦ በጉዞ የሚደረግ ፈተና

ከኢቫፖሬተሩ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰው ቱቦ ከሦስቱ መስመሮች እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ነው። በቱቦው ውስጥ የሚጠፋ ግፊት ለኮምፕረሰሩ የሚደርሰውን ተን ያሳሳዋል፤ የሳሳ ተን በእያንዳንዱ ዙር ያነሰ መጠነ ቁስ ማለት ነው። በኢቫፖሬተሩ ያለው ግፊት ባይለወጥ፣ ከመሳቢያው ግፊት አሥር በመቶ መጥፋት የኮምፕረሰሩን አቅም በአሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ለኮምፕረሰር የተከፈለ ገንዘብ በቱቦ ውስጥ ይባክናል።

ሠንጠረዥ 1 ኢቫፖሬተሩ ከኋላ በተተከለበት ሚኒባስ ውስጥ ማጠፊያዎችን ጨምሮ 8 ሜትር አቻ ርዝመት ላለው የመሳቢያ መስመር የተሠራ ነው። ሙሉው ፍሰት በአንድ ቱቦ እንደሚያልፍና የሰበቃ መለኪያው (የዳርሲ) 0.018 እንደሆነ ተወስዷል።

ሠንጠረዥ 1፦ የመሳቢያ ቱቦ ውስጣዊ ስፋትና ውጤቱ

| ውስጣዊ ስፋት (ሚ.ሜ.) | የተን ፍጥነት በ7 ኪሎዋት (ሜ/ሰ) | የግፊት መቀነስ (ኪሎፓስካል) | የአቅም ቅናሽ (በመቶ) | የተን ፍጥነት በሚኒሞ፣ 160 ሲሲ (ሜ/ሰ) |
|---|---|---|---|---|
| 13 | 32.5 | 79 | 27 | 13.6 |
| 16 | 21.5 | 28 | 10 | 9.0 |
| 19 | 15.2 | 12 | 4 | 6.3 |

በ13 እና በ16 ሚሊሜትር መካከል ያለው ልዩነት ለዓይን ትንሽ ነው። የግፊት መቀነሱ ግን በሦስት እጥፍ ገደማ ይለያያል፤ ምክንያቱም ፍሰቱ አንድ ሆኖ ሳለ የግፊት መቀነስ በስፋቱ አምስተኛ እርከን ተገላቢጦሽ ስለሚለዋወጥ ነው። በ13 ሚሊሜትሩ ቱቦ 79 ኪሎፓስካል መጥፋቱ በመትነኛ ሙቀት ሲተረጎም 8 ዲግሪ ያህል ነው።

የግፊት መቀነስ ከፍሰት ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ በሚኒሞ፣ የ160 ሲሲው ኮምፕረሰር ፍሰት ከሙሉው 42 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ፣ ያው ጠባብ ቱቦ የሚያጠፋው 14 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ጠባብ ቱቦ ያለበት ማቀዝቀዣ በጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆሞ ሲለካ ደኅና መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ጉድለቱ የሚገለጠው መንገድ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ ትምህርት ይገኛል፦ ቱቦውን ሳይነኩ ኮምፕረሰሩን ብቻ ማሳደግ በጉዞ ላይ የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። ትልቁ ኮምፕረሰር ብዙ ለመሳብ በሞከረ ቁጥር ቱቦው የሚያጠፋው ግፊት በካሬ ያድጋል፤ የሞተሩን ኃይል ይወስዳል እንጂ በዚያው ልክ ቅዝቃዜ አይሰጥም።

ታዲያ ለምን እስከተቻለ ሰፊ ቱቦ አይመረጥም? መልሱ ዘይት ነው። የኮምፕረሰሩ ቅባት ከሪፍሪጀራንቱ ጋር በመላው ዑደት ይዞራል፤ ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመልሰውም የተኑ ግፊያ ነው። በተለመደው የንድፍ ልማድ በአግድም ቱቦ ቢያንስ 4፣ ወደ ላይ በሚወጣ ቱቦ ቢያንስ 7.5 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት ይጠበቃል። በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ እንደሚታየው 19 ሚሊሜትሩ ቱቦ በሚኒሞ ለአግድሙ ሲበቃ ለሽቅቡ አይበቃም። 16 ሚሊሜትሩ ሁለቱንም ያሟላል። በመሆኑም ለዚህ ምሳሌ 16 ሚሊሜትር ተገቢው መጠን ነው፤ አለዚያም አግድሙን በ19፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ክፍል ብቻ በ16 ሚሊሜትር መሥራት ይቻላል። የ10 በመቶው ቅናሽም ኮምፕረሰሩ ሲመረጥ አስቀድሞ መታሰብ ይኖርበታል።

5. የመግፊያና የፈሳሽ መስመሮች

በመግፊያ መስመሩ የሚያልፈው ተን የታመቀ ስለሆነ ጠባብ ቱቦ ይበቃዋል። በ10 ሚሊሜትር ቱቦ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ፣ በ3 ሜትር አቻ ርዝመት የሚጠፋው ግፊት 22 ኪሎፓስካል ያህል ይሆናል። ይህ አኃዝ በ16 ሚሊሜትሩ የመሳቢያ ቱቦ ከጠፋው ብዙም አይርቅም፤ ዋጋው ግን የተለያየ ነው። በመሳቢያው 28 ኪሎፓስካል ከ2.5 ዲግሪ በላይ የመትነኛ ሙቀት ሲያሳጣ፣ በመግፊያው 22 ኪሎፓስካል የሚያስከትለው የመጤዣ ሙቀት ለውጥ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ለቱቦ የተመደበ ገንዘብ ውስን ከሆነ ቅድሚያ ለየትኛው መስመር እንደሚሰጥ ይህ ንጽጽር ያሳያል።

የፈሳሽ መስመሩ ጉዳይ ከሁለቱ ይለያል። በ8 ሚሊሜትር ቱቦ ፈሳሹ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በ8 ሜትር ውስጥ የሚጠፋው ግፊት ከ13 ኪሎፓስካል አይበልጥም። ፈሳሹ ከመጤዣው ሙቀት በ5 ዲግሪ የቀዘቀዘ ስለሆነ መንገድ ላይ መትነን የሚጀምረው 190 ኪሎፓስካል ያህል ቢያጣ ነው። ስለዚህ ለፈሳሹ አስጊው ነገር የግፊት መቀነስ ሳይሆን ከጭስ ማውጫ አጠገብ በሚያልፍ ቱቦ የሚገባ ሙቀት ነው። ቱቦውን ያለምክንያት ማስፋትም ጉዳት አለው። በ8 ሜትር ርዝመት ከ8 ወደ 10 ሚሊሜትር መሸጋገር 0.25 ኪሎግራም ያህል ተጨማሪ ሪፍሪጀራንት ይጠይቃል። የአር-134ኤ የዓለም ሙቀት መጨመር አቅም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ተደርጎ ስለሚሰላ፣ ይህ ትርፍ ቢያፈተልክ ከ350 ኪሎግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመዛዘን ነው።

የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ውስጥ ይህ አኃዝ ከ150 በላይ የሆነ ሪፍሪጀራንት ስለከለከለ፣ በአር-1234ዋይኤፍ የሚሠሩ መኪኖች ተበራክተዋል። የዚህ ሪፍሪጀራንት የትነት ሙቀት ከአር-134ኤ ያነሰ ነው፤ ለእኩል ቅዝቃዜ የበለጠ መጠነ ቁስ ማዘዋወር ይጠይቃል። ለአር-134ኤ እንኳ የጠበበ የመሳቢያ ቱቦ ለእርሱ ይበልጥ ይጠብበታል።

6. ከፍታ ምን ይለውጣል?

ሪፍሪጀራንቱ በዝግ ዑደት ውስጥ ስለሚዞር የአዲስ አበባ ስስ አየር የኮምፕረሰሩን ይዘትም ሆነ የቱቦውን ስሌት በቀጥታ አይለውጥም። የሚለወጠው በኮንደንሰሩ ላይ የሚነፍሰው አየር ነው። ማራገቢያ በይዘት እንጂ በመጠነ ቁስ አይሠራም፤ የአየሩ እፍግታ በሰመራ በ40 ዲግሪ 1.07፣ በአዲስ አበባ በ25 ዲግሪ 0.89 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ነው። ደጋው 17 በመቶ ያነሰ መጠነ ቁስ ቢያቀርብም አየሩ በ15 ዲግሪ ቀዝቃዛ በመሆኑ ኮንደንሰሩ አይቸገርም። የንድፉ ነጥብ እንግዲህ ቆላው ነው። በቆላው ቆሞ የሚሠራ ኮንደንሰር ግን የመኪናውን የጉዞ ነፋስ ያጣል፤ ማራገቢያው ከደከመ ግፊቱ 3 ሜጋፓስካል ገደማ ላይ ሲደርስ የመከላከያ ማብሪያና ማጥፊያው ኮምፕረሰሩን ያቆመዋል። በ7 ኪሎዋት ቅዝቃዜ ኮንደንሰሩ ማስወገድ ያለበት 10.5 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ነው።

ከፍታው የሚያሳስበው በመልስ ጉዞ ነው። ኮምፕረሰሩ በሙሉ ጭነት 3.5 ኪሎዋት ያህል ከሞተሩ ይወስዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል ኃይሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ስለሚያጣ፣ በዳገት ላይ ክላቹን ለጊዜው የሚለቅ መቆጣጠሪያ ጠቃሚ ነው።

የግፊት ልኬትም ጥንቃቄ ይሻል። የጋራዥ ማኖሜትር የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው የሙቀት ሰንጠረዥ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ በሰንጠረዡ 0 ዲግሪ የሚያሳየው ንባብ በእውነቱ ከዜሮ በታች 2.4 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ስሕተት በ16 ሚሊሜትሩ ቱቦ ከሚጠፋው ጋር የሚስተካከል በመሆኑ የቱቦን ጥበት በሙቀት ንባብ ለማወቅ የሚደረገውን ሙከራ ሊያሳስት ይችላል። በቫኪዩም ፓምፕ አየር ሲወጣም መርፌው ከ22 ወይም 23 ኢንች ሜርኩሪ በታች አለመውረዱ በአዲስ አበባ የፓምፕ ድካም ምልክት አይደለም፤ ከዚያ በታች የሚወጣ አየር የለምና።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት ለአንድ ሚኒባስ በተወሰዱ ግምቶች የተሠራ ነው፤ አኃዞቹ ለሌላ ተሽከርካሪ እንደገና መሰላት አለባቸው። አካሄዱ ግን አይለወጥም። በመጀመሪያ ጭነቱ ይሰላል፤ ሊቀነስ የሚችለውም ይቀነሳል። ቀጥሎ የኮምፕረሰሩ ይዘትና የፑሌጃ ንጽጽር በሚኒሞ ይመረመራሉ። ከዚያም የመሳቢያ ቱቦው ለግፊት መቀነስ በጉዞ፣ ለዘይት መመለስ በሚኒሞ ይፈተናል። በመጨረሻም ቱቦው ያጠፋው አቅም ተመልሶ በኮምፕረሰሩ ስሌት ውስጥ ይገባል።

ይኸው ቅደም ተከተል ለምርመራም ያገለግላል። በጉዞ የሚያቀዘቅዝ፣ ሲቆም ግን የሚደክም ማቀዝቀዣ ትኩረትን ወደ ኮምፕረሰሩ ፍጥነትና ወደ ኮንደንሰሩ ማራገቢያ ይመራል። ሞተሩ ፈጥኖ እየዞረም ቅዝቃዜው ካልጨመረ ደግሞ፣ የሪፍሪጀራንቱ መጠን ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ የመሳቢያ መስመሩ ስፋትና ርዝመት መለካት አለበት። አዲስ ኮምፕረሰር ከመገዛቱ በፊት በኢቫፖሬተሩ መውጫና በኮምፕረሰሩ መግቢያ ያለውን ግፊት በአንድ ጊዜ፣ ሞተሩ በጉዞ ፍጥነት እየዞረ መለካት የብዙ ወጪ ማዳኛ ይሆናል።